«የውዴታ ግዴታ» ምን ማለት ነው? በአንድ ሐረግ ላይ የተደረገ ውይይት

ጠያቂ፦

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። ጎረቤቶቼ የማኅበራችንን መተዳደሪያ ደንብ አማርኛ እንዳቃና ሰጥተውኛል። በረቂቁ ውስጥ «እያንዳንዱ ነዋሪ ለደረጃ ጽዳት፣ ለጥበቃና ለመብራት መዋጮ የመክፈል፣ እንዲሁም ሐዘን በደረሰበት ጎረቤት ቤት የመገኘት የውዴታ ግዴታ አለበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ገብቷል። ባለፈው እሑድ በተደረገው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ውዴታ ከሆነ እኔ አልወደድሁም፤ ግዴታ ከሆነ የሚያስገድደኝን ሕግ አሳዩኝ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጻፍ ግን ሰውን ማምታታት ነው» አለ። ብዙ ሰው ተቆጣው። እኔ ግን ቁጣው ይቅርና ጥያቄው መልስ ይገባዋል ብዬ አሰብሁ። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ወደ ልጁ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ማንም አይይዝህም፤ ግን አይገድህም ወይ?» አሉት፤ ልጁም ዝም አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። «የውዴታ ግዴታ» እርስ በርሱ የሚጋጭ ሐረግ ነው ወይስ የራሱ ሥርዓት ያለው? የእናታችን «አይገድህም ወይ»ስ ከ«ግዴታ» ጋር ዝምድና አለው?

የመጀመሪያው መላሽ፦

እኅታችን፣ ከኋለኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የእናታችን ቃል የፊተኛውንም ይፈታልናል ብዬ አምናለሁና።

«ገደደ» ከሚለው ግስ ሁለት ቅርንጫፎች ወጥተዋል። አንደኛው የኃይል ቅርንጫፍ ነው፤ ተገደደ፣ አስገደደ፣ ግዳጅ፣ በግድ የሚሉት ቃላት ከዚህ ይቆጠራሉ፤ ሰው የማይወደውን እንዲያደርግ ከውጭ የሚመጣበትን ጫና ያመለክታሉ፤ «ሳይወድ በግዱ» የምንለውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው የልብ ቅርንጫፍ ነው። «አይገደውም»፣ «ምን ገደደህ»፣ «ምን ገዶኝ»፣ «ግድ የለሽ» ስንል ስለ ኃይል አንዳች አልተናገርንም፤ የተናገርነው የሌላው ሰው ነገር ስለማይነካው ልብ ነው። «ግድ የለሽ» የምንለው ሰው የሚያስገድደው ያጣ ሰው አይደለም፤ የሚያሳስበው ያጣ ሰው ነው። እንግዲህ እናታችን «ማንም አይይዝህም» ብለው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በአንድ አፍ ዘጉት፤ «አይገድህም ወይ» ብለው ሁለተኛውን ከፈቱት። ልጁ ቃሉን በአንዱ ትርጉሙ ይዞ ጠየቀ፤ እርሳቸው በሌላው ትርጉሙ መለሱለት። ሁለቱም የተናገሩት ግን ስለ አንድ ቃል ነው።

የዚህን የሁለተኛውን ቅርንጫፍ አገባብ ልብ ይበሉልኝ። «እወዳለሁ» ስል የግሱ ባለቤት እኔ ነኝ። «አይገደኝም» ስል ግን ባለቤቱ ነገሩ ነው፤ እኔ ተሳቢ ነኝ። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ናፈቀኝ»፣ «ጨነቀኝ» ከሚሉት ጋር በአንድ ወገን ይሰለፋል። ረኀብን ሰው መርጦ አያመጣውም፤ ሌላ ሰውም በትእዛዝ አያሳድርበትም፤ ከራሱ ከሰውነቱ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ዝም ሊሉት አይቻልም። አማርኛ ለሌላ ሰው መጨነቅን ከእነዚህ ተርታ አስቀምጦታል። የጎረቤቴ ሐዘን እንደ ብርድ ደርሶ ይነካኛል ማለት ነው፤ እኔ የማደርገው ምርጫ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ ወይም በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። የሚያሳዝነው ግን ቃሉን በአዎንታ መናገሩን እየተውነው መምጣታችን ነው። «አይገደውም» በየቀኑ እንሰማለን፤ «ይገደዋል» ግን ብርቅ ሆኗል። ለወቀሳ የምንጠቀምበትን ቃል ለምስጋና ማዋል ረስተናል።

ወደ ሐረጉ ልመለስ። ወደደና ገደደ ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ «ደ»ን የደገሙ ግሶች ናቸው፤ ስማቸውም በአንድ ቅርጽ ወጥቷል፤ ውዴታ፣ ግዴታ። ቤት ስለሚመቱም ሐረጉ አፍ ላይ ይቀላል። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በ«እና» አልተያያዙም፤ በ«የ» ነው የተያያዙት፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። «የማር ጠጅ» ስንል ግማሹ ማር ግማሹ ጠጅ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጠጅ ነው፤ የተጣለው ከማር ነው። «የውዴታ ግዴታ»ም እንዲሁ ግማሽ ፈቃድ ግማሽ ትእዛዝ አይደለም። ሙሉ ግዴታ ነው፤ የመጣው ግን ከሰውየው ከራሱ ውዴታ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ተቃርኖ ያየው ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ስላነበባቸው ይመስለኛል፤ በ«የ» በኩል ከላይ ወደ ታች ቢያነባቸው አንዱ የሌላው ምንጭ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ትርጉም የተማርሁት ከመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ባደግሁበት በጎጃም ገጠር ከወንፈል ነው። ወንፈል ከደቦ ይለያል። ደቦ የጠራ ሰው እህልና ጠላውን አዘጋጅቶ ብዙ ሰው ይሰበስባል፤ በወንፈል ግን ጥቂት ሰዎች ተቧድነው ቀን በቀን ይለዋወጣሉ፤ ዛሬ የአንዱ ጤፍ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላው። ማንም ወንፈል ግባ ተብሎ አይታዘዝም፤ ብቻውን አጭዶ ብቻውን መውቃት የፈለገ ሰው መብቱ ነው። ከገባ በኋላ ግን ቀኑ ይቆጠርበታል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአጨዳ ወራት አባቴን ወባ ጣለው። ያ ቀን የጎረቤታችን ተራ ነበር። ጎረቤታችን ራሱ መጥቶ «ተወው፣ አንተ ተኛ፤ ሲሻልህ ትመልሰዋለህ» ብሎት ሄደ። አባቴ ሰውየው ከአጥር እንደወጣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ማጭዱን በእጁ ሰጠኝና «የእኛ ቀን አይጎድልም» አለኝ። መዳፌ ተልጦ ማታ ስመለስ አንድም ቃል አልጨመረም፤ ቅቤ ብቻ ቀባልኝ። ማንም አላስገደደውም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ነጻ አውጥቶታል፤ እርሱ ግን ገደደው።

ከሕግ ሙያ የመጡ አባል፦

የወንድሜን ትንታኔ በአክብሮት አነበብሁት፤ ስለ «ገደደ» ሁለት ቅርንጫፎች የተናገረውንም እቀበላለሁ። ሆኖም ወጣቱ ልጅ ከተባለለት በላይ እውነት ይዟል የሚል አቋም አለኝ፤ ሁለት ምክንያቶችም አሉኝ።

የመጀመሪያው፣ በረቂቁ ውስጥ የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ታስረዋል። የደረጃ ጽዳት፣ የጥበቃና የመብራት ወጪ የውዴታ ጉዳይ አይደለም፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች የጋራ ወጪን እንዲጋሩ ያደርጋል። በዚህ ላይ «የውዴታ» የሚለውን ቃል መጨመር ግዴታውን ያደበዝዘዋል እንጂ አያጣፍጠውም። ሐዘን ቤት መገኘት ግን ሕግ የማይገባበት ነገር ነው። ወጣቱ «ሕጉን አሳዩኝ» ሲል ለመዋጮው ሕግ ሊታይ ይችላል፤ ለሐዘኑ ግን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። በእርግጥ ሕግና ግብረ ገብ የሚተላለፉበት በር አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለቤት በገዛ ንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በመሳሰለው እንዳያውክ ሲከለክል፣ መለኪያ ያደረገው የመልካም ጉርብትናን ወሰን ነው፤ ሕጉ ራሱ መለኪያውን ከሰፈር ተውሷል ማለት ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ትቶት የሚሄድን ሰው ይቀጣል። እዚህ ላይ «ምን ገዶኝ» ማለት ወንጀል ሆኗል። ነገር ግን እነዚህ ጠባብ በሮች ናቸው፤ ጠባብ መሆናቸውም ተገቢ ነው፤ ደግነትን ሁሉ በቅጣት ብናጥር ደግ ሰው ማን እንደ ሆነ መለየት አንችልምና።

ሁለተኛውና የከበደኝ ምክንያት የሐረጉ ታሪክ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ዞረ። ስማችን በተራ ቁጥር ተጽፏል፤ ከስማችን አንጻር ከደመወዛችን የሚቆረጠው ገንዘብ ተሞልቷል፤ ባዶ የነበረው የፊርማው ቦታ ብቻ ነው። በወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈው «የውዴታ ግዴታ መዋጮ» የሚል ነበር። ሦስት ልጆች የሚያሳድግና ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ባልደረባችን በትሕትና «ለዚህ ወር ይለፈኝ» ብሎ ሳይፈርም መለሰው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥልጠና ከሚላኩት ሰዎች ዝርዝር ስሙ ወጣ፤ ለምን ብሎ ሲጠይቅም የነገረው ሰው አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሐረጉን ስሰማ የማስታውሰው ያንን ባዶ የፊርማ ቦታ ነው። ወንድሜ በ«የ» በኩል ያነበበው ትርጉም ትክክል ነው፤ ብዙ ሠራተኛ የሚያውቀው ግን የተገለበጠውን ነው፤ ይኸውም በቅድሚያ ተገድዶ፣ ቀጥሎ ወድጄ ነው ብሎ እንዲፈርም መደረግ ነው። እንዲህ ላለው ነገር ትክክለኛው ስም «የግዴታ ውዴታ» ይመስለኛል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚጽፉ አባል፦

ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ ለተወለዱ የሀገራችን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ እኔ የምጨምረው ከክፍል የሰማሁትን ነው። «ለአያቴ መደወል አለብኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስረዳ፣ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ «"ብርድ ልብስ አለኝ" ስል ብርድ ልብሱ የእኔ ነው፤ "አለብኝ" ስል ግን ምኑ ነው እላዬ ላይ ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሃያ ዓመት ሳስተምር ያላየሁትን ያሳየችኝ ያቺ ልጅ ናት። «መብት አለኝ» እንላለን፤ «ግዴታ አለብኝ» እንላለን። ልዩነቱ አንዲት «ብ» ናት። «ዕዳ አለብኝ»፣ «ሕመም አለብኝ» የምንለውም በዚችው ፊደል ነው፤ እላይ የተቀመጠ፣ የሚከብድ ነገር መኖሩን ትናገራለች። ተቃራኒዋ «ል» ናት፤ «ፈረደብኝ» እና «ፈረደልኝ» እንደምንለው። ሰው ልጁን «አለልኝ» ብሎ ስም ያወጣለታል፤ ሰው አለልኝ፣ የሚቆምልኝ አለ ማለቱ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ስለ ነጻነትና ስለ ግዴታ ስናወራ ሊቀር የማይገባ አንድ ቃል ላስታውሳችሁ፤ «ማን አለብኝነት»። ይህ ቃል ትምክህትን ወይም ጭካኔን በቀጥታ አይጠራም፤ አንድ ሰው በልቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንዳለ ወስዶ ስም አደረገው፤ «በላዬ ማን አለ?» የሚለውን። ያችው «ብ» እዚህም አለች። አማርኛ ነጻነትን አላወገዘም፤ ነጻ ሰው ይከበራል፤ ነጻ መውጣት በዓል ነው። ያወገዘው በላዩ ማንም እንደሌለ የሚያስብን ነጻነት ነው። ስለዚህ «የውዴታ ግዴታ» በሁለት ጎረቤቶች መካከል የቆመ ቤት ነው፤ በአንድ በኩል «ማን አለብኝነት» አለ፣ በሌላ በኩል «ሳይወዱ በግድ» አለ። የሕግ ባለሙያው የነገሩን ወረቀት ከዚህኛው ጎረቤት የመጣ ነው፤ ሐረጉን ለእርሱ ለቅቀን ብንሄድ ግን መካከለኛው ቤት ባዶውን ይቀራል።

ለልጅቷ የመለስሁላትን ልንገራችሁ። «እላይሽ ላይ ያለችው አያትሽ ናት» አልኋት። ጥቂት ካሰበች በኋላ «እንግዲያው "አያቴ አለችኝ" ብል አይሻልም ወይ?» አለችኝ። ትክክል ናት። አዋቂዎችም ስንሆን ይህንኑ እናደርጋለን፤ ሸክም በሆነብን ቀን «ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ግዴታ አለብኝ» እንላለን፤ በፍቅር በተሸከምነው ቀን ደግሞ «ግዴታዬ ነው» እንላለን። በመጀመሪያው ግዴታው እላያችን ላይ ነው፤ በሁለተኛው የራሳችን ንብረት ሆኗል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም የማይል ስደተኛ አላየሁም፤ በሁለቱም ጊዜ የሚላከው ገንዘብ ያው አንድ ነው፤ ሰውየው ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው መላሽ፦

ሁለታችሁም አስተማራችሁኝ። የሕግ ባለሙያው የነገሩን የባልደረባቸው ታሪክ ከልቤ አሳዝኖኛል፤ ሐረጉ የቆሰለ ሐረግ መሆኑንም አምኛለሁ። ቁስሉም የቅርብ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለገበሬው ፊደል ለማስቆጠር በእውነተኛ ፍቅር የሄዱ ወጣቶች ነበሩ፤ ያልዘመተ ግን ትምህርቱን መቀጠል የማይችል ስለነበረ፣ ወድዶ የሄደውንና ፈርቶ የሄደውን ከውጭ ሆኖ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ማስገደድ ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው፤ የማይወደውን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚወደውንም ሰው ይጎዳል፤ ውዴታውን ይሸፍንበታልና።

አንድ ቃል ልጨምርና ላብቃ። «ጨዋ» ዛሬ ሰው አክባሪ፣ ሥርዓት ያለው ማለት ነው። በቀድሞ አነጋገር ግን ባሪያ ያልሆነ፣ ነጻ ሰው ማለትም ነበር። አንድ ቃል ከነጻነት ወደ ምግባር ተሻገረ። ቃሉ ሲሻገር ግፍንም ይዞ ተሻግሯል፤ ነጻነታቸውን በጉልበት የተቀሙ ሰዎችን ምግባር የሌላቸው አስመስሎ የሚያይ ዓይን ከውስጡ ነበር፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላም «የጨዋ ልጅ» የሚለው አነጋገር የዘር መመዘኛ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ክፋቱን ከቃሉ ላይ ስናራግፍ ግን ከሥሩ ጠቃሚ አሳብ እናገኛለን፤ ይኸውም እምቢ ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው እሺታው ዋጋ ያለው የሚለው ነው። ስለዚህ የሕግ ባለሙያው ወረቀትና የአባቴ ማጭድ አንድ ስም ቢሰጣቸውም የሚለዩበት መንገድ አለ። ጎረቤታችን አባቴን «ተወው» ብሎታል። ያንን ባልደረባ ግን «ተወው» ያለው አልነበረም። «ተወው» የሚል ሰው በሌለበት ቦታ ሐረጉን ባንጠቀምበት እመርጣለሁ፤ ባለበት ቦታ ግን ከአማርኛ ሐረጎች ሁሉ እጅግ የምወደው እርሱን ነው።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቂቁን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። የመዋጮውን ክፍል «እያንዳንዱ የቤት ባለቤት የጋራ ወጪውን ድርሻ የመክፈል ግዴታ አለበት» ብዬ «የውዴታ» የሚለውን አወጣሁ። የሐዘኑን ክፍል ግን ያለ ቅጣት፣ ያለ «አለበት»፣ በራሱ ቁጥር «ጎረቤት ሲያዝን ጎረቤት ይገደዋል» ብዬ ጻፍሁት። ትናንት ማታ ደረጃው ላይ ያገኘኋቸውን እናታችንን አነበብሁላቸው፤ «ይገደዋል» የሚለው ላይ ስደርስ መደገፊያውን ይዘው ቆሙና ዐረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ደገሙት። ወጣቱንም በሩን አንኳኩቼ አሳየሁት። የመጀመሪያውን ክፍል ያለ ክርክር ተቀበለው። በሁለተኛው ላይ ግን «ቃሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ደንብ ውስጥ ከገባ በኋላ ያልመጣ ሰው ሁሉ "አይገደውም" ተብሎ በደንብ የተፈረደበት አይሆንም ወይ?» አለኝ። በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? ድምፅ የሚሰጥበት የሚመጣው እሑድ ነው።